የክላሲካሉ ባለቤት

«ክላሲካል» የሚለው ቃል አዲስ አበባ ሲገባ ትርጉሙን ቀየረ። ቪየና ላይ ቃሉን የሰማ ሰው ሞዛርትን ወይም ቤትሆቨንን ያስባል። መገናኛ ላይ ሰው እስኪሞላ በቆመ ሚኒባስ ውስጥ «እስቲ ክላሲካል ክፈትልን» ብትሉ ግን ሹፌሩ ሞዛርትን ፍለጋ አይሄድም። ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ይከፍትላችኋል፤ ትዝታ በሳክስፎን፣ ባቲ በኦርጋን፣ ወይ ደግሞ ሁላችንም ግጥሙን የምናውቀው የድሮ ዘፈን በኪቦርድ ብቻ። እኛ ጋ ክላሲካል ማለት ቃል የሌለው ሙዚቃ ማለት ነው። በቃ።

የቃሉ ትርጉም መለወጡ ምንም ክፋት የለውም። ቃል አገር ሲቀይር እንዲህ ነው። የሚከፋው አብሮት የመጣው ልማድ ነው። ክላሲካል የምንለውን ሙዚቃ ለመሙያ እንጠቀምበታለን፤ ሙሽሮቹ አዳራሽ እስኪገቡ፣ የራዲዮው እንግዳ እስኪደርስ፣ ስብሰባው እስኪጀመር። እኔም ኮተቤ በተከራየኋት ክፍል ቁጭ ብዬ ኮድ ስጽፍ ጆሮዬ ላይ የሚውለው እሱ ነው፤ ቃል ስለሌለው ሐሳብ አይሻማም። ዩቲዩብ ላይ የሁለት ሰዓት «ምርጥ የኢትዮጵያ ክላሲካል» ከፍታችሁ ከሥሩ ያለውን መግለጫ አንብቡት። ብዙውን ጊዜ የአንድም ተጫዋች ስም አታገኙም። ዘፈን ስንሰማ «የማን ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ክላሲካል ስንሰማ «ደስ ይላል» ብለን እናልፋለን።

ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ ካሴት ነው። ካሴቱ ሽፋኑ ላይ «ክላሲካል» የሚለውን ቃል ከባለቤቱ ስም ጋር አጣምሮ ይዟል። በ1985 ዋሽንግተን ዲሲ ተቀዳ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የእንግሊዝኛ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ኃይሉ መርጊያ እና ክላሲካል መሣሪያው፦ ሸሞንሟናዬ» ይላል። የሚጫወተው አንድ ሰው ነው። አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘር፣ የከበሮ ማሽን፤ ሁሉም በኃይሉ እጅ። የሚዘፍን ሰው የለም። ስለ አገራችን ሙዚቃ የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የድምፃውያን ታሪክ ነው። ይህ ካሴት ግን ታሪኩን ከሌላ በር ለመግባት ይመቻል።

መሣሪያው የማን ነበር?

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ውስጥ ረጅም ጊዜ መሣሪያው የመንግሥት ነበር፤ ተጫዋቹም እንደዚያው። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶችን አምጥተው የነሐስ ባንድ አቋቋሙ። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ኦርኬስትራ አደራጁ። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነበር። ኖታ የሚማረው እዚያ፣ መሣሪያ የሚነካው እዚያ፣ ልብሱም የደንብ ልብስ ነው።

ሸክላ ማሳተምም ቢሆን የማንም ሰው ሥራ አልነበረም። በ1948 በወጣ ንጉሣዊ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ይህን የደፈረው አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነው። በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቋመና ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ዛሬ ዓለም የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን እያለ የሚያደንቃቸው ሸክላዎች የተከተሉት ከዚያ በኋላ ባሉት አሥር ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ነው።

ኃይሉ መርጊያ በዚህ ሽግግር መሀል ያደገ ሰው ነው። በ1946 ሸዋ ውስጥ ተወለደ፤ በ10 ዓመቱ አዲስ አበባ መጣ። በ14 ዓመቱ አኮርዲዮን ለራሱ አስተማረ፤ በልጅነቱም ጦር ሠራዊቱ ሙዚቃ ክፍል ገብቶ ኖታ ተማረ። አኮርዲዮንን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። ከካምፑ ወጥቶ የምሽት ክበቦች ውስጥ ሲገባ ዘመኑ ወደ ኦርጋን እየዞረ ነበር። ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ኤሌክትሪክ ቤዝ፣ ኤሌክትሪክ ኦርጋን፤ በነዚህ መሀል አኮርዲዮን የአባቶች መሣሪያ መሰለ። ኃይሉም ወደ ኦርጋኑ ዞረ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከጓደኞቹ ጋር ዋልያስ ባንድን መሠረቱ። ዋልያስ ከቀደሙት የሚለየው በባለቤትነቱ ነው። የቲያትር ቤት ባንድ አይደለም፤ የክቡር ዘበኛም አይደለም፤ የክበብ ባለቤት ንብረትም አይደለም። የራሳቸው ባንድ ነበር፤ ውሉንም ራሳቸው ይዋዋላሉ። በ1969 የተከፈተው የአዲስ አበባ ሒልተን ለብዙ ዓመታት መድረካቸው ሆነ።

ሰዓት እላፊ

በ1974 አብዮቱ መጣ፤ ሰዓት እላፊም አብሮ መጣ። ሌሊት የሚኖር ከተማ በራችሁን ዝጉ ተባለ። ለምሽት ክበብ ባንድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አይከብድም። ሒልተን ውስጥ ግን አንድ እንግዳ መፍትሔ ተፈጠረ። ሰው ሰዓት እላፊው ሳይገባ ይመጣል፤ ከገባ በኋላ መውጣት ስለማይችል እስኪነጋ እዚያው ያድራል። ባንዱም አብሮ ያድራል።

እስቲ አስቡት። ድምፃዊ ለምን ያህል ሰዓት ይዘፍናል? ጉሮሮ ልክ አለው። እስኪነጋ የሚጫወት ባንድ ቃል የሌለው ሙዚቃ የግድ ያስፈልገዋል፤ እራት ለሚበላው፣ ለሚጨፍረው፣ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ለሚያንቀላፋው። መሙያ ነው ካላችሁ፣ አዎ መሙያ ነው። ግን ሌሊቱን በሙሉ ስትሞላ ጥበብ ካልሆነ አይዘልቅም። ዋልያስ በ1977 «ቼ በለው»ን ሲያወጡ ሙሉ ሸክላ ያለ ድምፃዊ ሠርተው ነበር። አሳታሚው የአሊ ታንጎ ካይፋ ሪከርድስ ነው። «ሙዚቃዊ ስልት» የሚለው የግርማ በየነ ድርሰት እዚያ ላይ አለ። ርዕሱን ባታውቁት እንኳ ዜማውን ስትሰሙ «እ! ይሄ ነው እንዴ?» ትላላችሁ። በቀጣዩ ዓመት ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠራ። እሱም ያለ ድምፃዊ ነው።

በዚያው ጊዜ ሸክላ እየሞተ፣ ካሴት እየተወለደ ነበር። ካሴት ርካሽ ነው፤ ማንም ቤቱ ያባዛዋል። ሲባዛ ግን የሚባዛው ድምፁ ብቻ ነው። የዘፈን ካሴት ሽፋኑ ቢጠፋም ችግር የለም፤ ድምፃዊውን በድምፁ ትለዩታላችሁ። የመሣሪያ ካሴት ሽፋኑ ሲጠፋ ግን ባለቤቱ አብሮ ይጠፋል። በእኔ ሙያ ቋንቋ ብናገረው ዳታው ተቀድቶ ሜታዳታው ቀርቷል። ፋይሉ አለ፤ «አርቲስት» የሚለው ሳጥን ባዶ ነው። ዛሬ ስልካችሁ ላይ «ክላሲካል 07» ተብሎ የተቀመጠው ነገር ታሪኩ ከዚህ ይጀምራል።

የተከፈለ ባንድ

በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ወደዚያ የተጓዘ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ዘመናዊ ባንድ ይባላል። አዳራሹን የሞላው ሰው አብዛኛው ከደርግ ሸሽቶ የተሰደደ ኢትዮጵያዊ ነበር። ጉዞው ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዶቹ ተመለሱ። ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ።

ባንድ ስለሚባለው ነገር ከዚህ በላይ የሚናገር የለም። ሶፍትዌር ቢሆን ኖሮ ኮዱን ሌላ ሰርቨር ላይ ጭነህ ታስነሳዋለህ። ባንድ ግን ሰዎቹ ውስጥ ነው ያለው። ከበሮው አዲስ አበባ፣ ቤዙ ዋሽንግተን ሲሆን በመሀል የነበረው ነገር የትም የለም። የቀሩት ዙላ ባንድ የሚል ቡድን አቋቁመው ለስደተኛው ማኅበረሰብ ተጫወቱ። ኃይሉ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ለመማር ገባ።

ካሴቱ የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው። ኃይሉ አኮርዲዮን እንደገና አነሳ። ሃዋርድ በተዋወቀው ሰው ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ በጥቂት ቀናት፣ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እየደረበ ቀዳው። ሌሊቱን አብረው ያነጉት ሰዎች ተበታትነዋል፤ ስለዚህ የሁሉንም ቦታ ራሱ ሸፈነ።

የብቻ አልበም በሌላ አገር

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ብለን እንመለስ። በ1970ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባል ሙዚቃ ነግሦ ነበር። ሮክ ባንዶች በሦስት ደቂቃ ዘፈን አንወሰንም ብለው ረዣዥም ድርሰቶች መሥራት ጀመሩ፤ ከፊት ያወጡት ደግሞ ኪቦርዱን ነው። ኪት ኤመርሰንና ጓደኞቹ በ1971 የሩሲያዊውን የሙሶርግስኪን የፒያኖ ድርሰት በኦርጋንና በሙግ ሲንተሳይዘር መድረክ ላይ ተጫወቱት። ሪክ ዌክማን በ1973 ስለ ሄንሪ ስምንተኛ ስድስት ሚስቶች ድምፃዊ የማይመራው አልበም አወጣ፤ እያንዳንዷን ንግሥት በኪቦርድ ሣላት። በዚያው ዓመት ማይክ ኦልድፊልድ የሚባል ልጅ፣ ቅጂውን ሲሠራ ገና 19 ዓመቱ፣ መሣሪያዎቹን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ለብቻው ተጫውቶ «ቱቡላር ቤልስ»ን አወጣ። የቨርጂን ሪከርድስ የመጀመሪያ አልበም እሱ ነው።

ከውጭ ሲታይ የኃይሉ ካሴት ከነዚህ ጋር ይመሳሰላል። አንድ ሰው፣ ብዙ ኪቦርድ፣ ቃል የለም፣ «ክላሲካል» የሚል ቃል ርዕሱ ላይ። ውስጡ ስትገቡ ግን መንገዱ ተቃራኒ ነው። ለእንግሊዞቹ ክላሲካል ማለት ከባሕና ከሙሶርግስኪ የመጣ ክብር ነው፤ ሮክን ወደ ኮንሰርት አዳራሽ ያስገባል። ዌክማን በ1974 ለሚቀጥለው ሥራው የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን አስከትሎ ነበር። ብቸኝነታቸው ምርጫ ነበር፤ ገንዘብም ነበራቸው። ለኃይሉ ክላሲካል ያ በልጅነቱ የያዘው፣ ዘመን ያለፈበት የተባለው አኮርዲዮን ነው። ብቸኝነቱን ደግሞ ያመጣው ስደት ነው።

እናም የእኛን የመንገድ ትርጉም ብንጨምርበት ርዕሱ ሌላ ነገር ይናገራል። ክላሲካል፣ ማለትም ያ ባለቤት የሌለው መሙያ፣ እነሆ ባለቤት አለው። ኃይሉ መርጊያ ይባላል። እሱ ይህን አስቦ ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ርዕሱን እኔ የማነበው እንዲህ ነው።

ማሽኖቹ ምን ያደርጋሉ?

አሁን ወደ ምወደው ክፍል ደረስኩ፤ ታገሡኝ። ካሴቱ ላይ ከሚሰሙት መሣሪያዎች አንዱ ያማሃ ዲኤክስ7 ነው። በ1983 ገበያ ላይ የወጣ ዲጂታል ሲንተሳይዘር ነው። መሠረቱ በ1967 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቻውኒንግ ያገኘው ዘዴ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ የድምፅ ሞገድ ወስደህ ንዝረቱን በሌላ ሞገድ ታወዛውዘዋለህ። ውዝወዛው በጣም ሲፈጥን ጆሮ ውዝወዛውን መስማት ያቆምና አዲስ የድምፅ ቀለም ይሰማል፤ ደወል፣ ብርጭቆ፣ ነሐስ። ዲኤክስ7 ለዚህ ስድስት ሞገድ ፈጣሪዎች አሉት፤ የሚያያዙበት ዝግጁ መንገድ ደግሞ 32 ነው። ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይህ ፋንክሽን በፋንክሽን ውስጥ መጥራት ነው።

ሮድስ የሚባለው ኤሌክትሪክ ፒያኖ የሌላ ዓለም ሰው ነው። ቁልፉን ስትጫን ትንሽ መዶሻ ቀጭን ብረት ትመታለች፤ ንዝረቱን እንደ ጊታር ማግኔት ይይዘዋል። ለስለስ ያለ፣ ውኃ ውስጥ የተደወለ ደወል የሚመስል ድምፅ ነው። ሙግ ደግሞ አናሎግ ነው፤ ዜማውን ወፈር አድርጎ ይጎትተዋል። ከሥር የከበሮ ማሽኑ ይቆጥራል።

የከበሮ ማሽን ለእኛ ሙዚቃ እንደ ልብ የሚመች አይደለም። ብዙዎቹ ሲሠሩ አንዱን መሥመር ለ16 ከፍለው፣ አራት በአራት እንዲመቱ ታስቦ ነው። የእኛ ጭክችካ በስድስት የሚቆጠር ነው፤ ሁለትም ሦስትም ሆኖ ይሰማል፤ ትከሻ የሚንቀሳቀሰው በዚያ መንታነት ነው። ማሽኑ ደግሞ አይደክምም፣ አይቸኩልም፣ ከተጫዋቹ ጋር አይተያይም። ካሴቱን ስትሰሙ ይህ ይገባችኋል። ከበሮው እንደ ግድግዳ ሰዓት ይሄዳል፤ ከላዩ ያለው እጅ ግን ይዘገያል፣ ይቀድማል፣ ይመለሳል።

ሌላው ነገር ቅኝቱ ነው። ፒያኖ ላይ በአንድ ኦክታቭ 12 ቁልፍ አለ። የእኛ ቅኝቶች አምስቱን ብቻ ይፈልጋሉ። ትዝታን ከዶ ብትጀምሩት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ሰባቱ ቁልፎች ዝም ይላሉ ማለት ነው። ማሲንቆ በሁለት ድምፆች መሀል ተንሸራቶ ማልቀስ ይችላል፤ ቁልፍ ግን ወይ ይጫናል ወይ አይጫንም፤ ዜሮና አንድ ነው። ታዲያ ኪቦርድ እንዴት አድርጎ ነው አምባሰል የሚሆነው? ጌጥ በመጨመር ነው። ዋናውን ድምፅ ከመንካቱ በፊት ጎረቤቱን ነካ አድርጎ ማለፍ፣ አንዱን ድምፅ ደጋግሞ ማንቀጥቀጥ፣ ሐረጉን ዘፋኝ ትንፋሹ ሲያልቅበት በሚያቆምበት ቦታ ማቆም።

አኮርዲዮን እዚህ ላይ ነው ዋጋው። አኮርዲዮን ቁልፍ ያለው ሳንባ ነው። ክንድህ ሲከፍተው አየር ይገባል፤ ሲዘጋው ይወጣል። ድምፁ በቁልፉ ብቻ አይወሰንም፤ በክንዱ ግፊት ያድጋል፣ ይኮስሳል። ካሴቱ ውስጥ ከነዚያ ሁሉ ማሽኖች መሀል የሚተነፍሰው እሱ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት እየወጣሁ የካሴቱን «አምባሰል» ሰምቼዋለሁ። ባሕር ዛፉ መሀል፣ አየሩ ሲሳሳ፣ ራስህ ቁና ቁና ስትተነፍስ የአኮርዲዮኑ ሐረጎች የት ጋ አየር እንደሚስቡ ይታወቅሃል። ቃል የለውም እንጂ ዘፋኝ አለው። የዘፋኙን ቦታ የያዘው ያ መሣሪያ ነው።

«ሽለላ»ም አለ። ሽለላ የጀግና ጩኸት ነው፤ ስም እየጠራ፣ ዘር እየቆጠረ የሚፎክር የቃል ጥበብ። ቃሉን አውጥታችሁ በመሣሪያ ብቻ ብታስቀሩት ምን ይቀራል? ዛቻው ይቀራል፤ እግር መሬት የሚመታበት ምት ይቀራል፤ የጎደለውን ቃል አድማጩ ከራሱ ይሞላዋል። ለዋሽንግተን ስደተኛ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም ብዬ አስባለሁ። ዘፋኝ ቢኖር የዘፋኙን ታሪክ ትሰማለህ። ዘፋኝ ሳይኖር ቦታው ክፍት ነው፤ የራስህን ታስገባለህ።

ከኮፈኑ በስተኋላ

ከዚያ ዝምታ መጣ። ዙላ ባንድም ተበተነ። ኃይሉ ከመድረክ ራቀና ዋሽንግተን አካባቢ፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ፣ ታክሲ መንዳት ጀመረ። የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ግን በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ነበረው። ተሳፋሪ እስኪመጣ ወረፋ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመዳል። ይህን ታሪክ የውጭ ጋዜጦች በጣም ይወዱታል፤ የተረሳው ሊቅ፣ ታክሲው፣ ኪቦርዱ። እኔን ግን የሚነካኝ ሌላው ነገር ነው። ከኋላው የሚቀመጠው ተሳፋሪ ማን እየነዳው እንደሆነ አያውቅም ነበር። ኢትዮጵያዊ ተሳፋሪም ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት ቤቱ ሲገባ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ከፍቶ «ደስ ይላል» የሚል።

ከዚያ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ መጣ። «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የሚል አሳታሚ አለው፤ ሥራው ከአፍሪካ ካሴቶችን እየሰበሰበ እንደገና ማሳተም ነው። ባሕር ዳር ሄዶ ካሴት ሲገዛ ይህ የኃይሉ ካሴት እጁ ገባ። ስሙን ይዞ ፈለገው፤ አገኘው፤ ደወለለት። ካሴቱ በ2013 በሸክላና በሲዲ እንደገና ታተመ። ኃይሉ በ60ዎቹ ዕድሜው መድረክ ላይ ተመለሰ፤ አውሮፓንና አሜሪካን ዞረ። በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ። አልበሙ የሚያልቀው «የፍቅር እንጉርጉሮ» በሚል የፒያኖ ብቻ ሥራ ነው፤ ማሽኑም ባንዱም ዝም ብለው አንድ ሰውና አንድ ፒያኖ። በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» ተከተለ።

እስቲ ይህን ሰንሰለት እንደ ፕሮግራመር እንየው። ካሴቱ ከዋሽንግተን ተነስቶ ባሕር ዳር ደርሷል። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የማያውቀው ሰው አንስቶታል። ሰንሰለቱን ያገናኘው ምንድን ነው? ሽፋኑ ላይ የተጻፈ ስም። ስሙ ርዕሱ ውስጥ ስለነበረ ከካሴቱ ሊነጠል አልቻለም። ዳታቤዝ የሚሠራ ሰው ይህን ያውቃል፤ ቁልፉ የጠፋበት መዝገብ እዚያው ቢኖርም አይገኝም። ሽፋኑ ላይ «ምርጥ ክላሲካል» ብቻ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሺምኮቪትዝ ሙዚቃውን ይወደው ነበር፤ ማንን እንደሚደውልለት ግን አያውቅም።

ሌሎቹን የፒያኖ ሰዎቻችንን ብንወስድም ነገሩ ያው ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረው፣ በ1967 ጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸውን አሳተሙ። በ2006 የኢትዮፒክስ 21ኛ ቅጽ ለእሳቸው ተሰጠ። ኢየሩሳሌም ውስጥ በ2023 ሲያርፉ ዓለም በስማቸው አዘነ። ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ ሶፊያ ተምሮ፣ የአውሮፓውን ክላሲካልና የእኛን ቅኝት አንድ ፒያኖ ላይ አገናኝቷል። እነዚህን የምናውቃቸው ሙዚቃው ከስማቸው ጋር ተያይዞ ስለደረሰን ነው። ስማቸው የተነጠለባቸው ስንት ናቸው? በራዲዮ የሰማነው የዚያ ሳክስፎን ባለቤት፣ የሠርጋችን ቪዲዮ ሥር ያለው የዚያ ኦርጋን ባለቤት?

ሕጉ እንኳ ከእኛ ልማድ ይቀድማል። በ2004 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲው ብቻ አልቆመም፤ ለተጫዋቹም መብት ሰጥቷል። መብት ግን ማን እንደሆነ ለሚታወቅ ሰው ነው የሚሠራው። ስም አልባ ፋይል ክፍያ አይቀበልም፤ ቃለ መጠይቅ አይደረግለትም፤ ሲሞትም ዜና አይሆንም።

ብዙዎቻችሁ ከእኔ የተሻለ ካሴት ያላቸው አባትና እናት አላችሁ። ቁም ሳጥን ላይ፣ አልጋ ሥር፣ በድሮ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ። ሽፋኑ ሳይቀደድ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ሽፋን ከሌለው «ጋሼ፣ እቺን ኦርጋን ማን ነው የሚጫወታት?» በሏቸው። የዚያ ትውልድ ሰው ያስታውሳል፤ አንዳንዱ ሒልተን ሲያነጋ አብሮ ያደረ ነው። የነገሯችሁን ስም ፋይሉ ላይ ጻፉት። አንድ ሳጥን መሙላት ነው፤ ከዚያ በላይ አይደለም።

እኔ «ቼ በለው»ን ስልኬ ላይ ስጭን «አርቲስት» የሚለው ሳጥን ውስጥ የጻፍኩት ይህን ነው። ኦርጋን፦ ኃይሉ መርጊያ። ፒያኖ፦ ግርማ በየነ። ሳክስፎን፦ ሞገስ ሀብቴና አበበ ካሣ። ትራምፔት፦ ዮሐንስ ተኮላ። ጊታር፦ ማሕሙድ አማን። ቤዝ፦ መላከ ገብሬ። ከበሮ፦ ተማረ ሐረጉ። ቫይብራፎን፦ ሙላቱ አስታጥቄ።